ሽማግሌ የማያልቅበት ጎረምሳ

ደሴ ላይ አንድ ጎረምሳ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጨነቀው ራሱ አይደለም፤ እናቱ ናት። ቡና ላይ ምን ብላ እንደምታወራ ማወቅ አለባት። ባንክ ከሆነ ባንክ ነው፤ አለቀ። መምህር ከሆነም ደመወዙ አይነሳም እንጂ ስሙ ይጠራል። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተለማማጅ ተንከባካቢ ከሆነ ግን ጉባኤ ያስፈልጋል። የእኛ ቤት ጉባኤ ብዙ ተከራክሮ "ጤና ላይ ነው" በሚል ስምምነት ተበተነ። ውሸት አይባልም፤ ጤና ላይ ነኝ። የማን ጤና፣ በየትኛው ጫፍ በኩል የሚለውን እናቴ ለጎረቤት አላብራራችም።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከብዙኃኑ ጋር ነው። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር። ምርጫ ቢሆን ኖሮ የወደቅነው መንግሥት እንመሠርት ነበር። ምርጫ ስላልሆነ ቴክኒክና ሙያ ገባን።

ምዝገባ ላይ "ኬር ጊቪንግ ቦታ አለ" አሉኝ። ክፍል ስገባ ቦታ የተረፈበት ምክንያት አልገባኝም፤ ወንበሩ ሙሉ ነው። የተረፈው የወንድ ቦታ ኖሯል። ሴቶቹ በአንድ ጆሯቸው ስለ ደም ግፊት፣ በሌላው ስለ ቪዛ ያዳምጣሉ። አይፈረድባቸውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሚሄድ ሠራተኛ ስምንተኛ ክፍልና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር። የሰው አገር አሮጊት ለማጠብ አዋጅና ማኅተም ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚህ የራስን እናት ለማጠብ ግን ከገጠር የመጣች አንዲት ፍሬ ልጅ ትበቃለች፤ ስንተኛ ክፍል ነሽ የሚላትም የለ። አንድ ቀን መምህርታችን "እዚሁ አገር ልትሠሩ የምታስቡ እጃችሁን አውጡ" ስትል እኔ አወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በሐዘኔታ አይታኝ "አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።

ልምምዳችን በአሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊቷ እጅግ ሥርዓት ያላት ሴትዮ ናት። ሲያገላብጧት ትገላበጣለች፣ ሲሸፍኗት ትሸፈናለች። አንድ ጎኗ አይታዘዝም እንበል ሲባል እሺ ትላለች፤ ስታለብሳት ከደካማው እጅ ትጀምራለህ፣ ስታወልቅላት ከጤነኛው። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ቀይር፣ የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ። አንሳ እንጂ አትጎትት፣ ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል። ስታጎርስ ቀና አድርገህ አስቀምጥ፣ በልቶ ሲጨርስም ቶሎ አታስተኛ። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ አፓረንት፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ፣ ወደ መጦሪያው ወጣሁ። ሥልጠናው ሠላሳ እጁ ክፍል፣ ሰባ እጁ ሥራ ላይ ነው ይባላል።

አሻንጉሊቷ ጠይቃኝ የማታውቅ አንዲት ጥያቄ ግን ነበረች፦ "የማን ልጅ ነህ?"

ወሎ ውስጥ ይህቺ ጥያቄ ሳትመለስ ጓንት አይጠለቅም። ሳፋዬን ይዤ ሀጅዬ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ከየት ነው አሉ፤ ከቃሉ አልኩ። ከቃሉስ የት? ሐርቡ። ሐርቡ ከእነማን? ውሃውን በክርኔ ለክቼ ነበር የመጣሁት፤ ቅድመ አያቴ ዘንድ ስንደርስ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሀጅዬ ፊታቸው በራ። "አጃኢብ! የአክስቴ ባል የወንድም ልጅ ልጅ ነሃ! ዘመዴ ነህ።" ደስ አለኝ። "ዘመድ ደግሞ ገላዬን አያይም" ብለው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

አጠገባቸው ያሉት ሻምበል ናቸው። ከእሳቸው ጋር የዘር ቆጠራው በቦረናም በአምባሰልም ዞሮ ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም። "እንግዲያው ባዳ ነህ" አሉ። "ባዳ ደግሞ አይነካኝም።"

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ከአንገት እስከ እግር ፎጣ አልብሳቸው፣ የምታጥበውን ብቻ እየገለጥህ ታጥባለህ፣ ወዲያው መልሰህ ትሸፍናለህ" አለችኝ። "ወሬው እንዳይቋረጥ ብቻ።" ደሞም ሠራ። ሀጅዬ የሐርቡን ገበያ እየተረኩ ክንዳቸው ታጠበ፤ ሻምበል ኦጋዴን ሲደርሱ እግራቸው ደርቆ ካልሲ ገብቶለታል። ከዚያ ወዲህ ሻምበል የሚታጠቡት በግዳጅ ቅደም ተከተል ነው፤ ጀርባቸው ሁልጊዜ ካራማራ ላይ ይውላል።

የባሰው ግፊት መለካት ነው። ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ አርፎ መቀመጥ፣ ጀርባ መደገፍ፣ እግር አለማጠላለፍ፣ ክንድን በልብ ትክክል ማድረግ፣ ሲለካም አለመናገር። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ወሎን አላየም። እዚህ አምስት ደቂቃ ሰላምታም አያልቅበት። እማማ ደግሞ ክንዳቸው ላይ ጨርቁ ሲጠመጠም ምርቃት ይጀምራቸዋል፤ አሏህንም እመብርሃንንም በአንድ ትንፋሽ ጠርተው፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ሸጋ ሚስት፣ ሲሳይ፣ ልጅ እያሉ ይወርዳሉ። መለኪያው ምርቃትንም ከወሬ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሽቅብ ነው። ሲስተር መዝገቡን አይታ "ምን አስቆጣሃቸው?" አለችኝ። "መረቁኝ" አልኩ። "እንደገና ለካ። ምርቃቱን ጨርቁን ከፈታህ በኋላ ተቀበል።"

የሀጅዬና የሻምበል ክፍል ዝነኛ ነው። የወሎን መቻቻል ማየት የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ይመጣል። አንድ ጊዜ መቅረጸ ድምፅ የያዙ ሰዎች መጥተው "በሃይማኖት ሳትጣሉ እንዴት አብራችሁ ኖራችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ግራ ገባቸው። በሃይማኖት ለመጣላት ጊዜ የላቸውማ፤ የሚጣሉት በመስኮት ነው። ሻምበል ይከፈት ይላሉ፣ ሀጅዬ ይዘጋ። የደሴ ብርድ፣ ያውም ከጦሳ ሥር፣ ቀልድ አያውቅም። እንግዶቹ መቻቻሉን ቀድተው ሲወጡ "ልጆች፣ ስትወጡ መስኮቱን" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ ትእዛዙ ግን ለየብቻ ነበር።

እንግዳ ከተነሳ ቅዳሜን ማለፍ አይቻልም። ቅዳሜ የልደት ቀን ነው። ከተማው ውስጥ የተወለደ ሁሉ ልደቱን "ከአረጋውያን ጋር" ማክበር ይዟል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ሳሙናውም ዳይፐሩም በዚያው ይመጣልና አልነቅፍም። ነገር ግን ባነር ይዘው ይገባሉ፣ ከባነሩ ቀጥሎ ካሜራ፣ ከካሜራው ቀጥሎ ክሬም የተለቀለቀ ኬክ፤ ግማሹ ቤት ስኳር በሽተኛ መሆኑን የጠየቀ የለም። ማታ በጣት ደም የምንለካው እኛ ነን። እማማ የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም፤ በ66ቱ ክፉ ቀን ልጅ ታቅፈው እንደነበር ብቻ ያውቃሉ። አንድ ቅዳሜ ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላት ልጅ ሲያጨበጭቡ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እነዚህ ልጆች በቀን ሻማ ያበራሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ የት ነው የሚሄዱት?"

የሰፈራችን ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። "በወሎ ምድር ሽማግሌ መጦሪያ? እኛ አዛውንት ጥለን እናውቃለን?" ይላል፤ ይቆጣል፤ አገሩን ይጠብቃል። ቅሬው ለቀብር ድንኳን እስኪተክል ደቂቃ አይፈጅበትም፣ እውነቱን ነው። በሕይወት ያለን ሰው አንዲት ሌሊት ተቀምጦ ለማገላበጥ ግን ተራ የሚያወጣ ቅሬ እስካሁን አልሰማሁም።

ከአስተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጠው ያለችው ሪያድ ነው። የአንዷ እናታችን ልጅ ነች። እናትየው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ናቸው፤ ልጅቷ በኢሞ ትደውልና ስልኩን ወደ አልጋው እንዳዞር ታዘኛለች። "ትራሱን ከጀርባዋ አስገባው። ሌላ ትንሽ ትራስ በጉልበቶቿ መሃል። ተረከዟን ተመልከተው፣ አልጋውን እንዳይነካ፤ እዚያ ነው ቀድሞ የሚቆስል።" ሲስተር እንኳን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ስልኩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁና "የት ነው የተማርሽው?" አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የማዳሜን እናት በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጣት እኔ አይደለሁ" አለች። "ለእማዬ ግን ኦፊስ ነኝ ብያታለሁ።"

ሒሳቡን ለመሥራት ሞክሬያለሁ። ልጅቷ ሪያድ የሰው እናት ታጥባለች። ከደመወዟ ቆርጣ ለእናቷ ዳይፐር መግዣ ትልካለች። እናቷን እኔ አጥባለሁ። እኔ ስመረቅ ወዴት እንድሄድ ነው ሁሉም የሚመክረኝ? ሪያድ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ አቋራጭ ያለው ይመስላል፤ ኢኮኖሚክስ ስላልደረሰኝ አላገኘሁትም።

ከሥራው ያገኘሁትን ጥቅም መደበቅ ግን ነውር ነው። ደሴ ውስጥ ጎረምሳ ሚስት ሲፈልግ ጭንቁ ሽማግሌ ማግኘት ነው፤ አንዱ አሞታል፣ አንዱ ከልጅቷ አባት ጋር በድንበር ተካሷል። እኔ ሽማግሌ አያልቅብኝም። ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ልጅ እንዳለች በወሬ መሃል አንድ ጊዜ ብናገር ወንዶቹ ክፍል ምክር ቤት ሆነ። ማን ይሂድ በሚለው ሦስት ቀን ተከራከሩ። ሻምበል ማዕረጋቸውን አነሱ፣ ሀጅዬ ዝምድናቸውን። አንድ ጡረተኛ መምህርም "ንግግር አዋቂ ያስፈልጋል" ብለው ራሳቸውን ጨመሩ። ሲስተር ፈቀደች፤ ልብሳቸውን ተኩሰን፣ የሻምበልን ከዘራ በደህናው እጃቸው በኩል አስይዘን፣ መድኃኒታቸውን አውጠን በባጃጅ ሸኘናቸው።

ሲመለሱ የነገሩኝ እንዲህ ነው። የልጅቷ አባት ቆመው ተቀበሏቸው፣ አቦል ጀባ ተባሉ፣ ትውልድ ተቆጠረ። ከዚያ አባትየው "የልጁ ሥራ ምንድን ነው?" አሉ። መምህሩ "ጤና ላይ ነው" ብለው በጥበብ ጀመሩ። ሻምበል ግን ጥበብ ሰለቻቸው፦

"እኔን የሚያጥበኝ እሱ ነው" አሉ።

ዝም ተባለ። ቶናው መጣ። አባትየው ሲኒያቸውን አስቀምጠው "ሥራው የሚያጸድቅ ነው፤ አላህ ይቀበለው" አሉ። ምርቃቱም ረዘመ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ወዴት እንዳዘመመ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ። "ልጄን ግን ለዚህ ሥራ አልሰጥም። አረብ አገር ሄዶ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ይምጣና ያኔ እንነጋገር።"

"እዚያስ ሄዶ ምን ይሥራ?" አሉ ሀጅዬ።

"ያው ይኼንኑ ነዋ" አሉ አባትየው።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ቢቆጡም በረካውን ሳይጠጡ አልተነሱም። ቡናው ወፍራም ኖሮ ያን ሌሊት ሦስቱም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሀጅዬ መስኮቱ ይዘጋ፣ ሻምበል ይከፈት፣ መምህሩ ሁለተኛው ልዑክ ምን ብሎ መናገር እንዳለበት እስኪነጋ አስጠኑኝ። ተረኛው እኔ ነበርኩ።