ከጠመንጃው በፊት ውሉ መጥቶ ነበር

ጎጃም ውስጥ የባዕድ ጣልቃ ገብነት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ አምስቱ ዓመት ወረራ ይሄዳል፤ ወደ አርበኞቹ በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ። ይገባቸዋል፤ ገና ብዙ ያልተነገረላቸው ነገር አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጠመንጃው ከመድረሱ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ የመጣው ውል መረሳቱ ነው።

ግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል አንቀጽ 3፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ወንዝ ላይ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ያስራል። አንቀጽ 4 ደግሞ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ይፈቅዳል። ያ ጣቢያ ጋምቤላ ሆነ፤ የምዕራቡ ቡናም በዚያው በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ወረደ።

ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1968 ዓ.ም. ለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህንኑ የምዕራብ ወሰን ነው፤ በኋላም የጋምቤላን ንግድ ለብቻው ጽፈውበታል። ቆንስሉንና ነጋዴውን፣ ወሰኑንና ቡናውን አንድ ላይ ማየት ማለት ይህ ነው። አንቀጽ 4 ባለሙያውን አግኝቷል። አንቀጽ 3ም ከጎጃም በኩል የሚከተለው፣ ዕድሜውን የሚሰጠው ሰው ይሻል።

የጣና ጉዳይ ሥሩ ጥጥ ነው። የሱዳኑ ገዚራ እርሻ ከሴናር ግድብ እየጠጣ በእንግሊዝ አገር ላሉት የላንክሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ያመርት ነበር፤ እርሻው ሲሰፋ የበጋ ውሃ ይጎድለዋል፤ ያንን ውሃ ጣና ላይ ገድቦ ማቆየት ታሰበ። ታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ፦ ለእንግሊዝ የጣና ግድብ፣ ለኢጣሊያ ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ የሚደርስ ሐዲድና በምዕራብ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ የበላይነት። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ቀጥሎም ሐኪም ወርቅነህን አሜሪካ ልከው የኒውዮርኩን ጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ስለ ግድቡ አነጋገሩ፤ አንዱን ካፒታል በሌላው ለመመከት። ብልሃቱ ያስደንቀኛል።

የራሳችንም ሰው አይዘለል። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ከጎጃም ገበሬ በግብር የሰበሰቡትን ገንዘብ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ያውሉ ነበር፤ ኋላም ለኢጣሊያ አደሩ። ይህን ትቶ ለንደንንና ሮምን ብቻ የሚከስ ታሪክ የገበሬውን በደል ይሸፍናል።

ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለታሪክ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ርዕስ ሲሰጡ ያስቡበት። የእንግሊዝ ደብዳቤዎች ለንደን ተጠብቀው አሉ። የገበሬው ወገን ማስረጃ ግን በየደብሩ ነው፤ የመሬትና የግብር ጉዳይ በብራና ኅዳግ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ቅኔ ቤት አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ይህን ለማንበብ ከማንም ይቀድማልና፣ የታሪክ ክፍሎቹ እሱን ፈልገው ያስተምሩ፤ እንግሊዝኛውንና ጣሊያንኛውን ጨምረው።