ከእናት ተቀምቶ ለሕንፃ የሚሰጥ መባ

እኛ ወንጌላውያን «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ማለት እንወዳለን። የሰው ወግ ሲነሳ ጣታችንን ወደ ሌላው ቤተ እምነት እንቀስራለን፤ ተዝካሩ፣ ስለቱ እያልን። የራሳችን አይታየንም። እሑድ ጠዋት ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉ አዳራሾች ቃሉ ያላዘዘው፣ ግን ደፍሮ የሚነካው የሌለ ብዙ ልማድ አለን። ዛሬ ስለ አንዱ ልናገር። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ብር እንሰጣለን ብለን ስለምንገባው ቃል።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ከስብከቱ በኋላ ኪቦርዱ በቀስታ ይጀምራል። «መቶ ሺህ የሚሰጥ ይነሳ!» ይባላል። ሁለት ሦስት ሰው ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ይጸለይላቸዋል። ከዚያ ሃምሳ ሺህ፣ ከዚያ ሃያ፣ እያለ ይወርዳል፤ አምስት ሺህ ላይ ሲደርስ ግራና ቀኙ ቆሞ እሱ ብቻ የተቀመጠ ሰው የሚገባበት ይጠፋዋል። ቅጽ ይታደላል፤ ስም፣ ስልክ፣ የብሩ መጠን፣ በስንት ወር ተከፍሎ እንደሚያልቅ። አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ የሚለው ሚልክያስ 3፥10 ይነበባል። እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን የሚለው 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 ግን አይነበብም። ለምን ብሎ የጠየቀ «የቤቱ ራእይ ነው» ተብሎ ዝም ይላል። በሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ያሉት የቤርያ ሰዎች እኮ ጳውሎስን እንኳ ሰምተው ነገሩ እንደዚያ ይሆንን ብለው መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተገሠጹም።

የሚያንገበግበኝ ግን ከአዳራሹ ውጪ የሚሆነው ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ልጅ ሞቅ ሲለው ቃል ይገባል። ገጠር ያለች እናቱ የደም ግፊት መድኃኒቷ አልቆ ስትደውል «እማዬ፣ ለጌታ ቃል ገብቻለሁ፣ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ» ይላታል።

ማርቆስ 7 ላይ ኢየሱስ የነቀፈው ይህንኑ ነው። ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው ሲከሱ፣ እሱ ወደ እነሱ ጓዳ ገባ። ሙሴ አባትህንና እናትህን አክብር ብሏል፤ እናንተ ግን ሰው ወላጆቹን «ከእኔ የምታገኙት ሁሉ ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ካላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም እንዲያደርግላቸው አትፈቅዱም አላቸው። መስጠት መጥፎ ነው አላለም። በእግዚአብሔር ስም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሻራችሁ ነው ያለው። ጳውሎስማ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ላይ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው፣ ከማያምን ሰውም ይከፋል ይላል። ከዚህ በላይ እንዴት ይንገረን?

ወግ የተባለ ሁሉ ይጣል እያልኩ አይደለም። ያው ጳውሎስ 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15 ላይ የተማራችሁትን ወግ ያዙ ብሏል፤ እሱ ግን ከሐዋርያት የመጣ ትምህርት ነው። መሀል ከተማ የአዳራሽ ኪራይ ምን እንደደረሰ የሚያውቅ ሽማግሌ ስለ ሕንፃ ቢጨነቅም አልፈርድበትም። ምእመን ይስጥ፤ ለዚያውም በደስታ። ግን ጥሪው፣ ጭብጨባው፣ ቅጹ የእኛ ሥራ ነው፤ እናትና አባትን መጦር ደግሞ ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ከተጋጩ መተው ያለበት የእኛው ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ በመድረክ ላይ ብር እየጠሩ ሰው ማስነሳት ይቁም። የሚሰጥ በፖስታም በቴሌብርም ዝም ብሎ ይስጥ። ሚልክያስ በሚነበብበት ቀን ማርቆስ 7ም ይነበብ። ቃል ገብቶ ያቃተውን ወንድም ደግሞ ስልክ እየደወላችሁ አታሳድዱት፤ ቅጹን መልሱለትና ወላጆቹን ይጡር።