ሽቦ ቢያብር ባሌስትራ ያስር

ጋራዥ የሚሄድ ሰው ያሳዝነኛል። እምነት ጎድሎታል ማለት ነው። መኪናው ትንሽ ባነከሰ ቁጥር ወደ መካኒክ የሚሮጥ፣ ዕቃ የሚያስለውጥ፣ ደረሰኝ የሚሰበስብ ሰው ጎጃም መሬት ላይ ምን ይሠራል? እኛ ዘንድ ሽቦ አለ። ገመድ አለ። የተቀደደ ካላማደሪያ አለ። ከሁሉም በላይ «ለጊዜው» የምትባል ቃል አለችን። ይቺ ቃል ያልጠገነችው መኪና የለም።

ዛሬ የማወድሰው የመሥሪያ ቤታችንን ላንድክሩዘር ነው። ጃፓኖች «ሰባ» የሚባለውን የላንድክሩዘር ዘር ማምረት የጀመሩት በ1984 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኛው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ጠንካራ ሻሲ ሰጡት፣ ወፍራም ባሌስትራ (መኪናውን ከታች የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ቅጠል) ሰጡት፣ ጭቃም ድንጋይም እንዳይበግረው አድርገው ላኩት። ሽቦ ግን አልሰጡትም። እሱን ለኛ ተዉልን።

ባለፈው ነሐሴ ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ እየወጣን ነበር፤ ወደ ጮቄ ተራራ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከኋላ መንገድ ላይ ያሳፈርናቸው አንዲት እማማ ጭናቸው ላይ ቅርጫት አቅፈው ተቀምጠዋል። ዳገቱ መሐል ላይ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ተነሣ። ሹፌራችን ወረደ፤ የኮፋኖውን ሦስት ቋጠሮ ፈታ፤ ራዲያተሩን አየ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረ።

«እማማ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ምን ይዘዋል?»

«እንቁላል ነው ልጄ። ለፍስክ ያጠራቀምኩት።»

«ሦስት ይስጡኝ እስቲ።»

«በፍልሰታ? ኧረ በማርያም!»

«የምበላው እኔ አይደለሁም። መኪናው ነው።»

እማማ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱስ ቢሆን፣ እነዚህን ጥቂት ቀናት መታገሥ አቅቶት ነው?»

ሦስቱን ሰጡን። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። (ትኩስ ራዲያተር የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ይህን እንኳ እናውቃለን።) ሹፌሩ አስኳሉን ለይቶ ነጩን ብቻ ጨመረ። ውሃው ሲሞቅ የእንቁላሉ ነጭ ይረጋል፤ በቀዳዳው ሊወጣ ሲል እዚያው ይበስልና ይደፍነዋል። ሠራ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር። በላንድክሩዘር ጮቄን ሲወጣ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እዚህ ድረስ ማንም ያደርገዋል። ፈረንጅም መንገድ ላይ ሲቸግረው እንቁላል ይጨምራል አሉ። የኛ ጀግንነት የሚጀምረው ከተማ ስንገባ ነው። ሌላው ሰው ከተማ ሲደርስ ራዲያተሩን ያስበይዳል፣ ውስጡን ያሳጥባል። እንቁላል ቀዳዳ ብቻ መርጦ አይደፍንምና፤ ቀጫጭኖቹን የውሃ መተላለፊያዎችም አብሮ ይደፍናል። እኛ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና «አይፈስም እኮ» አለ። አይፈስም። ይኸው ዘጠኝ ወሩ። በየወሩ ሁለት እንቁላል እንቆርጥለታለን። እስካሁን የጠጣው ለአንድ ዶሮ ወጥ ከነጎረቤቱ ይበቃ ነበር።

የራዲያተሩ ክዳን ቡሬ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። እሱንም አልገዛንም። ቡሬ የበቆሎ አገር ነው፤ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልለን ወተፍንበት። እርግጥ ክዳን ማለት መክደኛ ብቻ አይደለም። ውሃውን በግፊት አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ያልታፈነ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። ቆረቆንዳ ደግሞ ግፊት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ መኪናው ቶሎ ቶሎ ይፈላ ጀመር። መፍትሔ? ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዘውን በር፣ አወጣንለት። ለጊዜው። አሁን ጠዋት ጠዋት በጮቄ ብርድ ሞተሩ አልሞቅ አለ፤ ናፍጣ እንደ ጠላ ይጠጣል። መፍትሔ? ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አቆምንለት። ካርቶኑ ነፋስ ስለከለከለው ቀን ቀን ይፈላል። አሁን አንዱ ሥራችን ጠዋት ካርቶን ማቆም፣ ረፋድ ላይ ካርቶን ማንሣት ነው። አንድ ክዳን ገዝቶ ይህን ሁሉ ጥበብ ማጥፋት ግፍ ነው።

ወደዚያው ጉዞ ልመልሳችሁ። ስንመለስ የኋላ ቀኙ ባሌስትራ ጓ አለና ዋናው ቅጠል ለሁለት ተሰበረ። ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን እየነዳ የሚመለስ ገበሬ አገኘን። ሹፌሩ ዓይኑ ምራኑ ላይ አረፈ። ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት ያ የቆዳ ጠፍር ማለት ነው።

«ጌታው፣ ይቺን ምራን ለጊዜው ብታውሰን?»

ገበሬው አሰብ አደረገ። «እኔስ በምን ልረስ?»

«ይኸው ሽቦ። ለጊዜው።»

ተለዋወጡ። አጭር የባሕር ዛፍ እንጨት ባሌስትራው ላይ እንደ ወጌሻ ደገፍንና በምራኑ ጠፈርነው። ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከተጠፈረ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከብሎን ይብሳል። እንደዚያ እንደተጠፈረ ነው እስከ ዛሬ። መኪናው ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን ወደ ግራ ይይዛል። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተልጦ አልቋል። በሌላ ጎኑ ግን አዲስ ነው! ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖም በመፍቻ ካልተመታ አይነሣም። የት ቦታ፣ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚያውቀው ሹፌሩ ብቻ ነው። ይህን መኪና የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የእጅ ፍሬናችን ሰው ነው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ «ጥበቃ» ይላል፤ ሥራው ግን ታኮ መወርወር ነው። ጭኑ ሥር ጠርዙ የተበላ የእንጨት ታኮ አለች፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ጎማው ሥር ይሸጉጣታል። ልጁ ፈጣን ነው። ችግሩ የሱ በር መቆለፊያው ስለተበላሸ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ደግሞ ካልተፈታ አይከፈትም። ስለዚህ የእጅ ፍሬናችን የሚወጣው በመስኮት ነው።

ደጀንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ይህ ሁሉ ጥበብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ። የፊት ቀኝ ጎማው የፍሬን ቱቦ ያፈስ ስለነበር ታጥፎ በመዶሻ ተቀጥቅጧል፤ በሦስት ጎማ ነው የምንይዘው። የጎደለው የፍሬን ዘይት ደግሞ በሳሙና ውሃ ተሞልቷል። የፍሬን ዘይት በደህናው ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ውሃ እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። ቁልቁለቱ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል፤ ፍሬኑም ይግላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ጠለቀ።

«ታኮ!» አለ ሹፌሩ።

ልጁ በመስኮቱ ግማሽ አካሉ ወጣ፤ ግማሹ ቀረ። ቀበቶው የበሩ ገመድ ላይ ተያዘ። ሹፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረደ፤ ሞተሩ አጓራ። ገደሉን ትቶ ወደ ተራራው ጎን አስጠጋትና የውሃ መውረጃው ውስጥ አሳረፋት። ሁላችንም የምናውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሰን የማናውቀውን ጀምረን ነበር። ልጁ እንደ ተሰቀለ ልብስ በመስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ታኮዋን አልለቀቃትም። አንዲት ጥይት ቀርታው ቦታውን የማይለቅ ዘበኛ ይመስል ነበር።

ግማሽ ሰዓት ቆመን ፍሬኑ በረደ። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሆነ። ሹፌሩ ፔዳሉን ረገጠው፤ ያዘ።

«አያችሁ?» አለ ፊቱ በርቶ። «ራሱ ተስተካከለ።»

ስንሄድ፣ ለምልክት ብለን አስፋልቱ ላይ የደረደርናቸውን ድንጋዮች አላነሣንም። የቆረጥነውን ቅርንጫፍም እንዲሁ። ከኋላችን የሚመጣ ሰው እዚያ ቦታ አንድ ጊዜ መኪና ቆሞ እንደነበር ማወቅ አለበት። ታሪክ እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

ዓመታዊ ምርመራ እንዴት ያልፋል ትሉ ይሆናል። በተውሶ ነዋ! ደህና ጎማ ከአንዱ፣ ክዳን ከሌላው፣ የእሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘን ምልክት ከጎረቤት መሥሪያ ቤት። ያን ቀን መኪናችን በተውሶ ሱፍ እንደሚዳር ሙሽራ ይሆናል። ቦሎው ተለጥፎ ማታ ዕቃው ለየባለቤቱ ይመለሳል። የፍሬኑ ቱቦ የታጠፈው ደግሞ ከምርመራው በኋላ ነው። ሕግ እናከብራለን።

ባለፈው ሳምንት፣ ግንቦት ላይ፣ በዚያው በረቡዕ ገበያ መንገድ ስንወጣ ያን ገበሬ እርሻው ላይ አገኘነው። እርሻው ተጀምሯል። ሹፌሩ አቆመ፤ ልጁ በመስኮት ዘሎ ታኮውን ሸጎጠ። ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ መጣ፤ ሰላምታ ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር አየ።

«ምራኔ አለች?»

«አለች። ከዛሬ ነገ ዋናውን እናስገባና እናመጣልሃለን።»

ሹፌሩም ወደ ቀንበሩ አንገቱን አሰገገ። ሽቦው እዚያው ነው፤ ዝጎ፣ ሦስት ቦታ ተቋጥሮ፣ መሐሉ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበት።

«ሽቦውስ ይይዛል?»

«ኧረ ደህና ነው፤» አለ ገበሬው። «ለጊዜው ነው እንጂ።»