ማስተካከያ፦ የአያታችን የልደት ዘመን

የአያታችንን አርባ ምክንያት በማድረግ ባወጣሁት መታሰቢያ «በ97 ዓመታቸው አረፉ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ» ብያለሁ። ሁለቱም ስህተት ነው። 1928ን እንደ ፈረንጅ ዘመን ቆጥሬ ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አያታችን የተወለዱት ጥር 21 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30 ቀን 1936 ማለት ነው። ማስረጃው አባታቸው በዳዊታቸው የመጨረሻ ቅጠል ላይ በእጃቸው የጻፉት ማስታወሻ ነው። ቀለሙ ገርጥቷል፣ የጧፍ ሰምም ጠብ ብሎበታል፤ ቀኑ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ስለዚህ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሲያርፉ 89 ዓመታቸው ነበር።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የሦስት ወር ሕፃን ነበሩ። ቡና እየተፈላ ያወሩልን የነበረው የእናታቸውን ትዝታ ነው። ልጃቸውን አዝለው ሌሊቱን ወደ እንጦጦ የወጡት ቅድመ አያታችን ናቸውና ታሪኩ በስማቸው ይነገር።

በመቃብራቸው ሐውልት ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ ታርሟል። የመታሰቢያ ካርዱ በእጃችሁ ያለ ዘመዶቻችን፣ እባካችሁ 97 የሚለውን 89 ብላችሁ አርሙልን።