የስምንተኛ ቦታ ዋጋ

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) 32 ቡድኖች መደበኛውን የውድድር ዘመን ከጨረሱ በኋላ 16ቱ፣ ከምሥራቁና ከምዕራቡ ክፍል ስምንት ስምንቱ፣ ለዋንጫው ወደሚደረገው የማጣሪያ ዙር (ፕሌይኦፍ) ያልፋሉ። የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ለማንሳት ከዚያ በአራት ዙር፣ በእያንዳንዱ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር አራት አራት፣ 16 ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ግማሹ ሊግ የሚያልፍ ከሆነ፣ ይላሉ ብዙ የክለብ አመራሮች፣ ዋናው መግባት ነው፤ የቀረውን በረዶው ላይ እናየዋለን። ማስረጃም አያጡም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሎስ አንጀለስ ኪንግስ ከምዕራቡ ክፍል ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2023 ደግሞ ከምሥራቁ መጨረሻ ላይ የገባው ፍሎሪዳ ፓንተርስ 135 ነጥብ ሰብስቦ ክብረ ወሰን የሰበረውን ቦስተንን በመጀመሪያው ዙር አሰናብቶ እስከ ፍጻሜ ሄደ።

ነገር ግን እነዚህ ስምንተኛ ሆነው የገቡ እንጂ የስምንተኛ ደረጃ ቡድኖች አልነበሩም። ኪንግስ የመሃል አጥቂው ኮፒታር፣ ተከላካዩ ዳውቲ እና ግብ ጠባቂው ኩዊክ ነበሩት፤ በዚያው የውድድር ዘመን አሰልጣኝ ቀይሮ በፌብሩዋሪ አጥቂውን ጄፍ ካርተርን ጨመረ። ፍሎሪዳም ከዓመት በፊት 122 ነጥብ ይዞ የሊጉ አንደኛ ነበር። እነሱን እያዩ «እኛም እንሞክር» የሚሉት አብዛኞቹ ቡድኖች ይህ አጥንት የላቸውም።

ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ከ1991 እስከ 2016 ለ25 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ፕሌይኦፍ ገባ፤ በመካከሉ አራት ዋንጫ አነሣ። ችግሩ የመጣው ታላቁ ተከላካይ ሊድስትሮም በ2012 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ፣ ተከታታይነቱ ራሱ ግብ ሲሆን ነው። በማርች 2014 አጥቂውን ዴቪድ ሌግዋንድን ለማግኘት ወጣቱ ካሌ ያርንክሮክ፣ ፓትሪክ ኢቭስ እና አንድ የድራፍት ምርጫ (ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚወስዱበት መብት) ለናሽቪል ተሰጡ። ስምምነቱ ዲትሮይት ፕሌይኦፍ ከገባ የሦስተኛው ዙር ምርጫ ወደ ሁለተኛ ዙር ከፍ ይላል የሚል ነበር። ገባ፤ በቦስተን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ተሸኘ፤ ሌግዋንድም በክረምቱ ሄደ። በዓመቱ ለአጥቂው ኤሪክ ኮል ሲባል ማትያስ ያንማርክ እና ሌላ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ወጡ፤ ኮል 11 ጨዋታ ተጫውቶ ተጎዳ፣ ዳግመኛም አልተመለሰም። በ2015 ለአጥቂው ጀስቲን አብደልካደር የተሰጠው የ7 ዓመት ውል ደግሞ 29.75 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተጫዋቹ በ2019/20 በ49 ጨዋታ አንድም ግብ አላስቆጠረም። ክለቡ ውሉን ገዝቶ ሲያፈርሰው የቀረው ሒሳብ ለ6 ዓመት ሊጉ በሚወስነው የደመወዝ ጣሪያ ውስጥ እየተቆጠረ እንዲቀመጥ ሆነ። ለመግባት የሚከፈለው ዋጋ የሚታየው እንዲህ ነው፤ በዚያው ዓመት ሳይሆን አምስት ዓመት ቆይቶ።

ባለቤቶች ግን ይህን ዋጋ ለመክፈል ምክንያት አላቸው። ደመወዝ የሚከፈለው በመደበኛው የውድድር ዘመን ነው፤ በፕሌይኦፍ ተጫዋቾች የሚካፈሉት ጉርሻ ከሊጉ ይመጣል። ስለዚህ 4 ለ 0 የሚሸነፍ ቡድን እንኳ በሜዳው ከሚያደርጋቸው ሁለት ጨዋታዎች የትኬቱን ገንዘብ ያለ ደመወዝ ወጪ ይሰበስባል። (ሚኒሶታ ያለ አንባቢ ይህን ከግዛቱ ቡድን ከዋይልድ በደንብ ያውቀዋል፤ ከ2016 እስከ 2025 ደጋግሞ ገባ፣ አንድም ዙር አላለፈም።)

ታዲያ ሆን ብሎ ወደ ግርጌ መውረድ ይሻላል? እንደ እግር ኳሱ ወራጅ ስለሌለና ድራፍቱ ደካማውን ስለሚያስቀድም ፈተናው ትልቅ ነው። ሆኖም በሊጉ መጨረሻ የወጣ ቡድን የመጀመሪያውን ምርጫ በዕጣ የማግኘት ዕድሉ 25.5 በመቶ ብቻ ነው። ዲትሮይት ራሱ በ2019/20 በ39 ነጥብ የመጨረሻ ሆኖ ዕጣው አራተኛ ላይ ጣለው። ቡፋሎ ደግሞ አይክልን በሁለተኛ፣ ዳሊንን እና ፓወርን በአንደኛ ምርጫ ወስዶም ከ2011/12 ጀምሮ ለ14 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ። አይክል ዋንጫውን ያነሣው ከቡፋሎ ወጥቶ ከቬጋስ ጋር ነው።

እኔ የማደንቀው የፍሎሪዳን ጭካኔ ነው። ባርኮቭ እና ኤክብላድ ከመጥፎዎቹ ዓመታት ድራፍት የመጡ ናቸው። ፎርስሊንግ ግን ካሮላይና በነፃ የለቀቀው፣ ቨርሄጊም ታምፓ ውል ያላቀረበለት ተጫዋች ነበር። ከ122 ነጥቡ በኋላ ታምፓ በሁለተኛው ዙር 4 ለ 0 ሲያሸንፈው ሥራ አስኪያጁ ቢል ዚቶ «መንገዱን ይዘናል» ብሎ አልተኛም። በግብና በማቀበል 115 ነጥብ ያስመዘገበውን ሁበርዶን፣ ተከላካዩን ዊገርን እና የአንደኛ ዙር ምርጫ ጭምር ሰጥቶ የ24 ዓመቱን አጥቂ ማቲው ትካቻክን ከካልጋሪ አመጣ። ከሦስት ተከታታይ ፍጻሜዎች ሁለቱን፣ የ2024ን እና የ2025ን፣ አሸነፈ።

ማርች ላይ የዝውውሩ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከስምንተኛው ቦታ ስንት ነጥብ እንራቃለን የሚለው አይደለም። አንደኛ መስመር (እየተፈራረቁ ከሚገቡት የአጥቂ ቡድኖች ዋናውን) የሚመራ የመሃል አጥቂ፣ በጨዋታ 25 ደቂቃ መሰለፍ የሚችል ተከላካይ እና የታመነ ግብ ጠባቂ አሉን ወይ? ከሌሉ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለሦስት ወር ተጫዋች አይወጣም፤ 29 ዓመት ለደረሰ የሦስተኛ መስመር አጥቂም ረጅም ውል አይፈረምም። ካሉ ግን መሰሰት ጥፋት ነው። ታምፓ በፌብሩዋሪ 2020 ለአጥቂዎቹ ለኮልማን እና ለጉድሮው ለእያንዳንዳቸው የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ውድ ነው ተባለ። ሁለቱም ግን በርካሽ ደመወዝ ቀጣዩን ዓመትም የሚያካትት ውል ነበራቸው፤ ሁለት ዋንጫ አብረው አነሡ፤ በ2021 ሲጨርሱም ታምፓ ረጅም ውል ሳይሰጥ ለቀቃቸው። ለጉድሮው የስድስት ዓመት ውል የሰጠው ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ነው፤ በ2024 ክረምት፣ ገና ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ያለ ምንም ምትክ ለሳን ሆዜ ለቀቀው።