ክብር ለሸላሚዎቻችን

በጎ ሥራ ከባድ ነው ይላሉ። ተሳስተዋል። በጎ ሥራማ ልብ ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ከባዱ በጎ ሠሪን መሸለም ነው። አዳራሽ ይከራዩለታል፣ ቀይ ምንጣፍ ያነጥፉለታል፣ ስፖንሰር ደጅ ይጠኑለታል። ስለዚህ ምስጋናዬ በየዓመቱ በመሀል አዲስ አበባ ሆቴሎች የበጎ አድራጊዎች ሽልማት ለሚደግሱልን መጽሔቶች ይሁንልኝ።

መጽሔት ሰው ሲያከብር ለእኛ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ታይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የ1935 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ሰው ብሎ መርጦ በጥር 1936 ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። በአራተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የሽፋን ፎቶ ታንክ እንደማያቆም ያየን ሕዝብ ነን። ግን ተስፋ አልቆረጥንም። በተለይ በፎቶው።

የጥሪ ካርዱ 11 ሰዓት ይላል። የክብር እንግዳው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባሉ። ተሸላሚዎቹ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብለዋል። ዕድሜ ልካቸውን በሽተኛ ሲያስታምሙ የኖሩ ስለሆኑ ትዕግሥቱን ይችሉበታል።

ንግግሩ ይጀመራል። አሳታሚው ይህን ምሽት ለማሰናዳት የከፈሉትን መሥዋዕትነት በዝርዝር ያወጋሉ። የክብር እንግዳው አሳታሚውን ያመሰግናሉ። አሳታሚው ተመልሰው የክብር እንግዳውን ያመሰግናሉ። ከዚያ ሁለቱም ባንኩን። ይህን ያዩ ክፉ ሰዎች "እከክልኝ ልከክልህ" ይላሉ። እኔ መተሳሰብ እለዋለሁ። የወርቅ ስፖንሰር ይጠራል፣ የብር ስፖንሰር ይከተላል፣ የነሐሱም አይረሳም። ወርቁም ብሩም ነሐሱም እዚያው ካለቀ በኋላ ለተሸላሚዎቹ መስታወት ይተርፋል። ክሪስታል ነው የሚሉትም አሉ።

በመጨረሻ አንዲት እናት ይጠራሉ። የሰፈሩን ወላጅ አልባ ልጅ ሁሉ እቤታቸው ሰብስበው የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ካባ ይደረብላቸዋል። (ካባው የኪራይ ነው፤ ከመድረክ ሲወርዱ ይመልሳሉ።) ማይክ ይሰጣቸዋል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ እንኳ የቤት ኪራዩ ነገር..." ሲሉ ሙዚቃው ከፍ ይላል። "ሰዓት ሄዶብን ነው እማማ፣ አይቀየሙን!" ትላለች አቅራቢዋ፣ የምሽቱን ሦስተኛ ቀሚሷን ለብሳ። እውነቷን ነው። እራት እየቀዘቀዘ ነው።

የድሮ ሰዎች ግን በዚህ በኩል ኋላ ቀር ነበሩ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን እንውሰድ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ወረዱ፤ ረሃብ ነበር። ሁለት ወላጅ ያጡ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰብ "ወይ እኛ ወይ እነሱ" ሲላቸው ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ካሜራ የለ፣ ስፖንሰር የለ፣ ከጀርባ የሚሰቀል ባነር የለ! በዛሬ መስፈርት ማመልከቻቸው ገና ከመዝገብ ቤት ይመለስ ነበር። ደግነቱ እኛ አለን። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ስንቱ ሰው አብሯቸው የተነሣውን ፎቶ ፈልጎ ለጠፈ።

"ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ" ይላል መጽሐፉ። ትእዛዙ አልተጣሰም። ለቀኙ አንድ ካሜራ፣ ለግራው ሌላ ካሜራ ተመድቧል፤ ሁለቱ አይገናኙም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የክብር እንግዳው በመኪናቸው ይሄዳሉ። እማማ ክሪስታላቸውን ታቅፈው ስታዲየም አካባቢ ታክሲ ይጠብቃሉ። ወያላው ዕቃውን አይቶ "ማዘር፣ ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፤ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት" ይላቸዋል። ከምሽቱ ሁሉ የሽልማቱን ዋጋ በብር የተመነ እሱ ብቻ ነው።

እኔም እንደ አንድ አድናቂ ለመጪው ዓመት ሐሳብ አቅርቤ ነበር። መስታወቱ ይቅርና የተሸላሚዋ ስም ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ላይ ይጻፍ አልኩ። ከነዘይቱ። ለስፖንሰሮችም ይመቻል፤ ከፊት አራት ሎጎ፣ ከኋላ አራት ሎጎ ይችላል፤ ክዳኑን ለወርቁ ስፖንሰር መተው ይቻላል። ኮሚቴው ሐሳቡን በጥሞና ተወያይቶበት ጣለው። ፎቶ ላይ አያብረቀርቅም ተባልኩ።