የአምናው ዘበኛ

እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጅማ፣ ቆቺ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ የቤቱ እመቤት ስልካቸውን አወጡ። ለንደን ያለችው ልጃቸው ፎቶ ልካለች፤ ቴአትር ቤት በር ላይ ቲኬቷን ይዛ ትስቃለች። ያየችው «ሌ ሚዜራብል»ን ነው፣ የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ በዘፈን ሆኖ። ሁላችንም «እሰይ!» ስንል ጥግ ላይ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ ጎረቤታችን ፎቶውን አየት አደረጉና፣

«የድሮው ይሻላል» አሉ።

«ጋሼ፣ የድሮውን አይተውታል?»

«ምን ማየት ያስፈልገዋል? ይታወቃል!»

ፈንዲሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እኔ ከተረት ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለውን እወዳታለሁ። የላሟ ባለቤት ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ ወተቷን እንዳላየ አምኗል። የኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ ላሟንም ወተቷንም ሳያይ «አምና ቅቤዋ ይሻል ነበር» ይል ነበር። ቅቤ ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «የታላቅ እህቷ ሰርግ ላይ የነበረው ወጥ ይሻላል» እያለ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ሦስት ጊዜ! የሙሽራዋ እናት ከኋላው ጭልፋ ይዘው ቆመው ይሰማሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳህኑን ቀምቶ ወደ ታላቅ እህቷ ሰርግ መሸኘት ነበር።

ንዴቴ ግን የዛሬ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን በተዘጋጀ ድራማ ዘበኛ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ቃለ ተውኔቴ «ማነህ? ቁም!» የምትል ብቻ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አዌቱ ዳር እየወረድኩ ወንዙን «ቁም!» ስለው ከረምኩ። አልቆመም፤ እኔ ግን ድምፄ ጎረነነ። ድራማው አልቆ በኩራት ስወርድ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ጎሽ፤ የአምናው ዘበኛ ግን ይሻል ነበር» አሉኝ።

አምና የታየው ድራማ ዘበኛ አልነበረውም። ታሪኩ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበር እንኳን ዘበኛ፣ በርም አልነበረውም። ካልነበረ ሰው ጋር ተወዳድሬ ተሸነፍኩ!

የለንደኑስ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ባርቢካን በተባለው ቴአትር ቤት ሲከፈት አብዛኞቹ ሐያስያን አጣጣሉት፤ ሕዝቡ ግን ትኬት ሊቆርጥ ተሰለፈ። ኒውዮርክ ላይ ከ1987 እስከ 2003 ድረስ 6,680 ጊዜ ታይቶ ወረደ። በ2006 እንደገና መድረክ ላይ ሲወጣ «ገና ሳይናፍቀን?» ያሉ ነበሩ። በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም። ደህና ዋሉ ብሎ ከወጣ በኋላ «ጃንጥላዬን ረሳሁ» ብሎ ተመልሶ ለበረካ የሚቀመጥ እንግዳ እኛም አለን፤ በዚህ በጅማ ዝናብ ደግሞ ጃንጥላ የማይረሳ የለም።

የሚገርመኝ የ2019ኙ ነው። ለንደን ላይ የድሮው ዝግጅት ወርዶ በአዲስ ሲተካ፣ ተዋንያኑን ይዞ ይዞር የነበረው ተሽከርካሪ መድረክ ቀረ፤ በምትኩ ከሁጎ የገዛ ሥዕሎች መነሻነት የተሠሩ ምስሎች ከኋላ በብርሃን ይታዩ ጀመር። ወዳጆቹ ለዚያ መድረክ አዘኑለት። እንግዲህ ይሄ «የድሮው» የሚባለው፣ ያ በ1985 አፈር ድሜ የበላው መሆኑ ነው! ያዘኑት ግን ሲሽከረከር አይተውታል፤ ከፍለው ገብተው፣ አንዳንዱም አሥር ጊዜ ተመላልሶ። የኛ ጋሼ ያዩት የቴአትር ቤቱን በር ነው፤ እሱንም በስልክ።

ይህን ሁሉ ልነግራቸው ጉሮሮዬን ስጠራርግ በረካው ተቀዳ። ጋሼ ፉት አሉና ስኒውን እያዩ፣

«የአቦሉ ይሻል ነበር» አሉ።

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። አቦሉን ጠጥተውታል።